ሚካኤል ዕለት የት እንደሚገኝ አገሩ ሁሉ ያውቃል፦ ስለ ሰው ጥበቃ ለጠየቃችሁን

ለዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጠናል። ሁሉም ከጥበቃ ሠራተኞችና ከፈረቃ ኃላፊዎች የመጡ ናቸው፤ የሚጠይቁትም ስለ መጋዘንና ስለ ንብረት ሳይሆን ስለ ሰው ነው። ዛቻ የደረሰበት፣ ደም ያለበት፣ የሚያሳድደው ያለ ሰው በእጃቸው ወድቋል። የደንበኞቹን ማንነት ሊያሳውቅ የሚችለውን ዝርዝር ከደብዳቤዎቹ አስወግደነዋል።

«የምንጠብቀው ነጋዴ በስልክ እየተዛተበት ነው። እሱ ‹ወሬ ነው፣ ተዉት› ይላል፤ ባለቤቱ ግን እንቅልፍ አጥታለች። የምር መሆኑን በምን እንለይ? ምንስ እናስቀድም?»
*የፈረቃ ኃላፊ፣ ከደብረ ብርሃን*

ዛቻን በስድቡ ብዛት አይመዝኑት። ሰክሮ ደውሎ «አልምርህም» የሚል ሞልቷል፤ በማግስቱ የተናገረውን አያስታውስም። የሚያሰጋው ዕውቀት ያለበት ዛቻ ነው። «ትናንት በኋላ በር ነው የወጣኸው፤ ልጅህንም ያ ሰማያዊ ባጃጅ ነው የሚያመላልሰው» ያለ ሰው ድምፁን ባያነሳም ወይ ተቀምጦ አይቷል፣ ወይ ከቤት ውስጥ የሚነግረው አለ። ሁለተኛው ምልክት ለውጥ ነው፦ በወር አንዴ ይደወል የነበረው በሳምንት ሦስቴ ሲሆን፣ ከስልክ ወደ ደጃፍ ሲሻገር፣ ማለትም ወረቀት ሲጣል፣ ውሻ ሲመረዝ፣ የአጥር አምፖል ሲሰበር። ሦስተኛው ቀጠሮ ነው። ዛቻው ከፍርድ ቤት ቀን፣ ከውርስ ክፍፍል ወይም ከዕዳ መክፈያ ጋር ከተያያዘ ያ ቀን እስኪያልፍ ጥበቃው አይላላ። ለረጅም ጊዜ ሲዝት የነበረ ሰው ድንገት ዝም ካለም ደስ አይበላችሁ።

ዛሬውኑ አንድ ደብተር ይክፈቱ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የደወለው ቁጥር፣ የተባለው ነገር ቃል በቃል፣ አብሮ የሰማ ሰው፣ ከጀርባ የተሰማ ድምፅ (ወፍጮ፣ መኪና፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ) ይጻፍ። መልእክት ከሆነ ቁጥሩና ቀኑ በሚታይበት መልኩ ስክሪን ሾት ይነሳና ለሌላ ሰው ይላክ፤ ስልኩ ቢጠፋ ማስረጃው አብሮ እንዳይጠፋ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ወዲያው ቁጥሩን በማገድ ነው። የታገደ ሰው በሌላ ቁጥር ይመጣል፤ እናንተ ግን ዛቻው እየከረረ መሆን አለመሆኑን የምታዩበት መስኮት ተዘጋ። ይልቅ ያ ሲም ካርድ በአሮጌ ስልክ ገብቶ ሌላ የታመነ ሰው ዘንድ ይቀመጥ፤ ነጋዴው ለሥራው አዲስ ቁጥር ያውጣ።

ወደ ፖሊስ መሄድ ለነገ አይባልም። በ1996 በወጣው የወንጀል ሕግ ዛቻ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ አቤቱታው ደግሞ ድርጊቱ ወይም አድራጊው ከታወቀ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «እስቲ ትንሽ እንየው» ሲባል ጊዜው ያልፋል። የመዝገቡን ቁጥር ተቀብለው ደብተሩ ላይ ይጻፉት።

ከዚያ ቁልፎችን ይቁጠሩ። የውጭው በር ጓጉንቸር ሲገዛ ከሦስት ቁልፍ ጋር መጥቶ ከሆነ ሦስተኛው የት ነው? አምና የተሰናበተው ሾፌር መልሷል? መልሱ «ይመስለኛል» ከሆነ ጓጉንቸሩ ዛሬ ይለወጥ። ከነጋዴው ጋር ደግሞ አይከራከሩ። ደብተሩን በየሳምንቱ ከፊቱ ያስቀምጡለት፤ በተርታ የተጻፈ ቀንና ሰዓት ከማንም ምክር የበለጠ ይናገራል።

«ደንበኛችን ደም ያለበት ሰው ነው። ሽማግሌዎች እርቅ ጀምረዋል፤ ገና አላለቀም። በየወሩ ሚካኤልን ሳይሳለም አይቀርም፣ ማኅበር ይጠጣል፣ ለቅሶም አይቀርም። ስንከለክለው ‹እሱ ይጠብቀኛል› ብሎ ብቻውን ይወጣል።»
*የግል ጠባቂ፣ ከመሐል ሜዳ*

በእኛ አገር ከባዱ የሰው ጥበቃ ይህ ነው። በትልቅ ከተማ ደመኛ ሰውን ለማግኘት ቀናት ተከታትሎ ልማዱን ማጥናት አለበት። እናንተ ባላችሁበት በመንዝ ግን መከታተል አያስፈልገውም፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም መሆኑን ሕፃን ያውቃል። ማኅበሩ በዚህ ወር ማን ቤት እንደሚወጣ ሰፈሩ ያውቃል። ቀብር ሲኖር የዕድሩ ጥሩምባ ሰዓቱን ለደመኛውም ጭምር ይነግረዋል። ስለዚህ ሥራችሁ ቀኑን መደበቅ አይደለም፤ አይደበቅምና። ሰዓቱን፣ በሩን፣ የቆይታውን ልክ ማዛባት ነው።

መከልከሉን ይተዉት። ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ የቀረ ሰው በአገሩ እንደሞተ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሹልክ ብሎ ይወጣል፣ ብቻውን መውጣቱ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። «ይቅርብህ» ከማለት «እኔ ልምጣና በዚህ ሰዓት እንሂድ» ቢሉት ይሰማዎታል።

ቤተ ክርስቲያን። አንድ ወር ለኪዳን ሌሊት ይግባ፣ ሌላ ጊዜ ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ። መውጫው ላይ ሕዝቡ ሲሰናበት አብሮ አይውጣ። በአንድ ጠባብ በር መቶ ሰው በሚተላለፍበት ግፊያ ውስጥ አጠገቡ ማን እንደደረሰ ማየት አይቻልም። ግማሽ ሰዓት ያህል ደጀ ሰላም ይቆይና ግቢው ጭር ሲል በሌላው በር ይውጣ። ካህኑ ነገሩን ቢያውቁት ይረዱታል። በእግር በሚደረስ ርቀት ሌላ የሚካኤል ደብር ካለ በየሁለት ወሩ እዚያ ይሳለም።

ጫማውን ልብ ይበሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ጫማውን ሲያጠልቅ አንገቱ ተደፍቷል፣ ጀርባው ለሰው ዞሯል፣ ሁለት እጁም ተይዟል። ማሰሪያ ያለው ጫማ ከሆነ ይህ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ያድርግ፤ ጫማውም ከግድግዳው ሥር ይቀመጥ፤ ሲያጠልቅ እርስዎ ጀርባዎን ለእሱ ሰጥተው ፊትዎን ወደ ሕዝቡ ያዙሩ። አጃቢ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ደንበኛውን ያያል። ደንበኛው የት እንዳለ ያውቁታል፤ መታየት ያለበት የሚመጣው ሰው ነው።

የሚመጣውንም በጋቢው አይፍረዱበት። በዚያ ብርድ ሁሉም ተከናንቧል። የሚታየው እጅ ነው፦ ሁለቱም እጆቹ ከጋቢው ሥር ሆነው ሰላምታ ሳይሰጥ ቀጥ ብሎ የሚቀርብ ሰው፣ ወይም ሰው ሁሉ ወደ ታቦቱ ሲያይ ወደ ደንበኛችሁ የሚያይ። እርስዎ ራስዎ ጋቢ ተከናንበው አይጠብቁ፤ ድንገት እጅዎ ሲያስፈልግ ተጠቅልሎ ያገኙታል። ከውስጥ ሹራብ ደራርበው ከላይ ጃኬት ይልበሱ።

ማኅበር። ለባለቤቱ አስቀድሞ ተነግሮ ደንበኛው ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይቀመጥ፤ ግን የበሩ ትክክል አይሁን። መጠጡ በአንድ ብርጭቆ ይገደብ፤ አጃቢ ጭራሽ አይቀምስ። ለቅሶ ላይ የቀብሩን ሰዓት ይለፍና በማግስቱ ጠዋት ድንኳን ገብቶ ያጽናና። ቀብር ላይ ያልተገኘ ሰው ይታማል፤ ከሟቹ ቤተሰብ አንዱን አስቀድሞ ማስረዳት ሐሜቱን ያቀለዋል።

ከዚህ ሁሉ ጋር የራሱ ደጃፍ አለ። የትም ይሂድ፣ በየትም ይመለስ፣ መጨረሻው ያው በር ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን 200 ሜትር እርስዎ ቀድመው ይሂዱ ወይም ከቤት አንድ ሰው ወጥቶ ይይ። በሩ ከመድረሱ በፊት ይከፈት፤ ቆሞ አንኳኩቶ አይጠብቅ።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ፦ እርቁ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም ወገን እጁን እንዲሰበስብ ቃል እንዲያስገቡ በደንበኛችሁ በኩል ይጠየቅ። ጠባቂ ከሌላው ወገን ጋር መልእክት አይለዋወጥ፣ አይሳደብ፣ አይዛት። የእርቁ ቦታ ላይ መሣሪያ ይዞ ጎልቶ መታየት ሽማግሌዎቹን ያስቀይማል፤ የት ድረስ መጥታችሁ እንደምትቆሙ ከእነሱ ጋር ተስማሙ። እርቁ ሊያልቅ ሲል ጥበቃውን ያጥብቁት እንጂ አያላሉት፤ ካሣውን የማይወድ አንድ የአጎት ልጅ አይጠፋም።

«ደንበኛዬ ሽጉጥ ልግዛልህ እያለ ይወተውተኛል። ልቀበል?»
*ከሸዋ ሮቢት*

ያለ ፈቃድ አይንኩት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን በፈቃድ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ደንበኛው በስጦታ መልክ ቢሰጥዎት ተጠያቂው የያዙት እርስዎ ነዎት። መሣሪያ ካስፈለገ ድርጅትዎ በሕጉ በኩል ይጠይቅ። የአጃቢ ሥራ ደንበኛውን ከቦታው ማራቅ ነው፤ ሽጉጥ የታጠቀ ጠባቂ ግን ለመሸሽ ሦስት ሰከንድ ሲኖረው ቆሞ መዋጋት ያምረዋል። በዚያ ገንዘብ ጥሩ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ትርፍ ስልክና ለውጭው በር ወፍራም መቀርቀሪያ ይግዛ።

«በወር ሁለቴ ደንበኛችንን ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት አድርሰን እንመልሳለን። መንገድ ቀያይሩ ይባላል፤ አስፋልቱ ግን አንድ ነው።»
*ሾፌርና አጃቢ፣ ከደብረ ብርሃን*

እውነት ነው፤ በጣርማ በር ከማለፍ ሌላ የሚረባ መንገድ የላችሁም። የሚቀየረው ቀኑ፣ የመነሻው ሰዓት፣ መኪናውና የሚቀመጥበት ወንበር ነው። ጉዞውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ ሸዋ ሮቢት ያለው ተቀባይ ሰዓቱን ከመነሻው በኋላ ይወቅ። ነዳጅ ከግማሽ በታች ይዛችሁ አትነሱ፤ ሁልጊዜ ቁርስ የምትበሉበት ቤት ካለ ዛሬውኑ ተዉት።

አራት ጊዜ ደውሉ፦ ስትነሱ፣ ከጣርማ በር ዋሻ በፊት፣ ደብረ ሲና ስትደርሱና ስትገቡ። ከቢሮ የሚጠብቀው ሰው ከተባለው ሰዓት 20 ደቂቃ ካለፈ ይደውል፤ ሌላ 20 ደቂቃ ካለፈ ለደብረ ሲና ፖሊስ ይናገር። የጣቢያው ቁጥር አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አንድ የሚስጥር ቃልም ይኑራችሁ። «ጤፉን ጫንን» ማለት ደኅና ነን ከሆነ፣ «ጤፉ አልተገኘም» ማለት አጠገባችን ሰው ስላለ በነፃነት መናገር አልቻልንም ይሁን። ቃሉ በተለመደ ወሬ መሃል የሚገባ እንጂ ጆሮ የሚስብ አይሁን።

የሚከተል መኪና ከጠረጠራችሁ ፍጥነቱን ወደ 40 አውርዱና አሳልፉት። አላልፍ ካለ ከፊት ባለው ከተማ ቆም ብላችሁ እንደገና ተነሱ፤ ዳግመኛ ከኋላችሁ ከመጣ ወደ ቤትም ወደ ደንበኛውም ቦታ አትሂዱ፤ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ድረስ ንዱ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ይህ አይሠራም፤ ጉም ውስጥ የሁሉም መብራት አንድ ይመስላል። ጉሙ ከከበደ ከላይ ሆኖ እስኪገልጥ መጠበቅ እንጂ ለማምለጥ ተብሎ ቁልቁለቱን መብረር ሌላ ሞት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቶ ቆላ እስኪደረስ ፍሬን ብቻ ከተረገጠ ይግላል፤ በከባድ ማርሽ ውረዱ።

ከከባድ መኪና ኋላ ስትቆሙ የኋላ ጎማዎቹ አስፋልቱን ሲነኩ እየታያችሁ ይሁን። ጎማው ከተሰወረባችሁ ተጠግታችኋል፤ መሪ ጠምዝዛችሁ መውጣት አትችሉም። ኬላ ላይ ግን ያለ ምንም ማቅማማት ቁሙ፤ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት አብሩ፣ እጃችሁ ይታይ።

ሰው ከተጎዳ ደም የሚፈስበትን በንጹሕ ጨርቅ፣ ካጣችሁም በነጠላ፣ በሁለት እጅ ጭናችሁ 10 ደቂቃ ሳታነሱ ያዙ። እያነሱ ማየት የረጋውን ደም ይቀሰቅሰዋል። ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈስና በመጫን የማይቆም ከሆነ ከቁስሉ በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ አራት ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጨርቅ ታስሮ እንጨት ገብቶበት ደሙ እስኪቆም ይጠምዘዝ። የታሰረበት ሰዓት ይጻፍ፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ አይፈታ። ገመድና ሽቦ ሥጋውን ይቆርጣል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

«በምንጠብቀው ግቢ አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ተከራይታለች። ከባሏ ሸሽታ ነው። ሦስት ቤት ቀይራ ሦስቴም አግኝቷታል። በስልኳ ነው ወይስ ሰው እየነገረው?»
*የጥበቃ ሠራተኛ፣ ከደብረ ብርሃን ጠባሴ*

በሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ይዩ። አስቀድሞ ግን አንድ ማሳሰቢያ፦ ስልኳ ላይ መከታተያ ከተገኘ ወዲያው አይጥፋ። ሰውየው ማየት ሲያቅተው እንደታወቀበት ይገባዋል፤ በዚያው ቀን በአካል ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ በሌላ ሰው ስልክ ለፖሊስና ለሴቶች ጉዳይ ቢሮ ይነገር፣ ማደሪያዋ ይዘጋጅ፣ የታየው ፎቶ ይነሳ፤ ከዚያ ይጥፋ።

ስልኩን የከፈተላት እሱ ከሆነ የጉግል አካውንቱና የይለፍ ቃሉ በእሱ እጅ ነው፤ ያለ ምንም ሌላ መሣሪያ ስልኩ የት እንዳለ ካርታ ላይ ያያል። በጉግል ማፕ የራሷን ምስል ነክታ «ሎኬሽን ሼሪንግ» የሚለው ውስጥ ስሙ እንዳለ ትይ። ቴሌግራም ላይ «ሴቲንግስ» ገብታ «ዲቫይስስ» ስትል የማታውቀው ስልክ ከተዘረዘረ መልእክቷን እያነበበ ሊሆን ይችላል። *#21# ብላ ስትደውል ጥሪዋ ወደ ሌላ ቁጥር ተዛውሮ እንደሆነ ይነግራታል፤ ##002# ማዛወሩን ሁሉ ይሰርዛል። የሚሻለው ግን አዲስ ስልክ፣ በራሷ መታወቂያ የወጣ አዲስ ሲም፣ አዲስ አካውንት ነው። አሮጌውን አካውንት አዲሱ ስልክ ላይ ከከፈተች ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ብዙ ሴቶች «ፎቶዎቼ እንዳይጠፉ» ብለው የሚያዙት በዚህ ነው። የልጁም ስልክ፣ ጨዋታ የሚጫወትበት አሮጌውም ጭምር፣ ይታይ። ቁጥሯን ያገኘ ሰው በቴሌብር ገንዘብ ሊልክ ሲሞክር ስሟ ይወጣለታልና አዲሱን ቁጥር ለሱቅ አትስጥ።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ሦስቱንም ቤት ያገኘላት ደላላ አንድ ሰው ነው? ዕቃዋን የጫነው ሾፌርስ? ልጁ ትምህርት ቤት ሲቀይር የድሮው ትምህርት ቤት ወደ የት እንደሸኘው ያውቃል፤ አባት ነኝ ብሎ የጠየቀ ሰው ይነገረዋል። ርእሰ መምህሩን አስቀድማ በጽሑፍ ታሳውቅ፤ ልጁንም በስም የተመዘገቡ ሁለት ሰዎች ብቻ ይውሰዱት። አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ክፉ ሰው አይደለም፤ «ይታረቁ» ብላ ለሴትዮዋ ትዳር የምታዝን አክስት ናት። ለአክስቷም ቢሆን «ደኅና ነኝ» እንጂ ሰፈሩን አትንገር።

የእናንተ ድርሻ በሩ ላይ ነው። ሰውየው መጥቶ ሲጠይቅ «የለችም» ካላችሁት እዚህ እንደምትኖር ነገራችሁት። «አላውቃትም» ብላችሁ ፊታችሁ ከተለዋወጠም ነገራችሁት። ለማንኛውም ተከራይ፣ ለማንኛውም ጠያቂ አንድ መልስ ይኑር፦ «የተከራይ ስም አንናገርም፤ የሚፈልጉትን ደውለው ያስወጡት።» ይህን በየቀኑ ለሁሉም የሚል ጠባቂ በዚያ ቀን ድምፁ አይለወጥም። የባልየው ፎቶ በጥበቃ ቤቱ ውስጥ ከውጭ በማይታይ ቦታ ይለጠፍ፤ ተረኛ ሲለወጥም ፎቶው በእጅ እየተጠቆመ ይረከብ። ፖስተኛ ነኝ፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፣ ወንድሟ ነኝ ያለ ሁሉ ውጭ ይጠብቅ፤ እሷ በመስኮት አይታ ትለይ።

«የሌሊት ተረኞች በብርዱ ምክንያት ከሰል አያይዘው ጥበቃ ቤት ይገባሉ። ማንቂያም አልሠራ አለን። ምን ይሻላል?»
*የጥበቃ አስተባባሪ፣ ከደብረ ብርሃን*

ከሰሉ ዛሬ ማታ ይውጣ። የከሰል ጭስ አልቋል ማለት መርዙ አልቋል ማለት አይደለም፤ ቀይ ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። አመድ ቢለብስም ማውጣቱን አያቆምም። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ቤት በሩን ገርበብ ማድረግ አይበቃም፤ ብርዱ ሲጠና ደግሞ ተረኛው ራሱ ይዘጋዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ ከዚያ ጣፋጭ እንቅልፍ ነው፤ ሰው ተኝቶ ይቀራል፣ የሚጠብቀውም ደንበኛ ያለ ጠባቂ ያድራል።

በምትኩ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ የሚችል ካፖርት፣ ወፍራም ካልሲ፣ ከሲሚንቶው ላይ የሚነጠፍ ጣውላ፣ በፔርሙስ ሻይ ይቅረብ። ተረኛ በየሰዓቱ ገደማ ዙር ይውጣ፤ እግር ሲንቀሳቀስ ይሞቃል። ዙሩ ግን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ደቂቃ ላይ አይሁን፤ አንዴ በ40 ደቂቃ፣ አንዴ በ70፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ።

መብራቱም ይስተካከል። ጥበቃ ቤቱ ውስጥ አምፖል ከበራ ከውጭ ያለው ተረኛውን ያየዋል፣ ተረኛው ግን ከመስታወቱ ወዲያ ምንም አያይም። ውስጡ ይጥፋ፤ ፓውዛው ከ3 ሜትር በላይ ተሰቅሎ ከተረኛው ራቅ ብሎ ወደ አጥሩና ወደ በሩ ይዙር። ከብርሃን ወደ ጨለማ የወጣ ዓይን ደኅና አድርጎ ለማየት 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ስልክ እያዩ ያሉ ተረኞች ዙር ሲወጡ ዕውር ሆነው ነው የሚወጡት። ማንቂያው መብራት ሲጠፋ የሚሞት ከሆነ ባትሪው አልቋል፤ እስኪለወጥ ድረስ እያንዳንዱ ተረኛ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠልጥል፣ ሦስት ረጅም ፊሽካ ሲሰማ ደንበኛው ከውስጥ ቆልፎ መብራት እንዲያጠፋ ይስማሙ።

ከሰል ባለበት ቤት አድሮ ራሱን ያመመው ተረኛ ካለ ቡና ጠጣ አትበሉት። ወደ ውጭ አየር አውጡት፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ለሐኪሙም «ከሰል ቤት ውስጥ ነበር» ብላችሁ ንገሩ።